ለሰማዩ ጆሮ የተላከ ሰላምታ

እናቴን በሕይወት ሳለች አልቅሼላታለሁ። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ፣ በራሴ ስሌት፣ በእርሳስና በማስመሪያ ገድያት። ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ ሳቁ። እኔም ሰባ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ የምስቅበት ሰው ሲያምረኝ ሩቅ አልሄድም፤ መስታወት ፊት እቆማለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ሃግሴትራ በሚባለው ሰፈር ነው። አረንጓዴው የምድር ባቡር መስመር እዚያ ደርሶ ከዚህ በላይስ አልሄድም ብሎ ይቆማል። እኔም እንደ ባቡሩ እዚያ ደርሼ ቆሜ ነበር። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ሚስት የሌለኝ፣ ፀጉሬ ወደ ኋላ መሸሽ የጀመረ፣ ሜርስታ አጠገብ ካለው አየር ማረፊያ አውሮፕላን የማጸዳ ሰው ነበርኩ። ለአገሬ ልጆች ግን "አቪዬሽን ውስጥ ነኝ" እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ከአብራሪው በፊትም በኋላም አውሮፕላኑ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ወታደር ነበርኩ፤ አንድ ጥይት ያልተኮስኩ ወታደር። ሥራዬ መስማት ነበር። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ የባላንጣ ሬዲዮ ስጠልፍ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። የሚመጣው ሁሉ በምሥጢር ቁጥር ስለሆነ ቃሉ አይገባንም። አለቃችን ግን እንዲህ ይለን ነበር፦ "ቃሉን ተዉት። ማን ማንን ጠራ? በስንት ሰዓት? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሁልጊዜ የሚለፈልፈው ማን ዛሬ ዝም አለ? ይህን ከጻፋችሁልኝ ቃሉን ምን አደርገዋለሁ?" እውነቱን ነበር። ለፍላፊ ጣቢያ ድንገት ዝም ካለ፣ በዚያ በኩል የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው።

ስቶክሆልም በገባሁ በዓመቱ ስለ ስለላ ሳተላይቶች የሚያሳይ ዝግጅት በቴሌቪዥን አየሁ። ስዊድንኛዬ ገና ጥርስ አላወጣም፤ ሥዕሉ ግን በቂ ነበር። ስልክ ከከተማ ከተማ የሚሄደው ከማማ ወደ ማማ በሚወረወር ሞገድ ነው። ሞገዱ ማማው ጋ ሲደርስ ሁሉም አይቆምም፤ የተረፈው ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ምድር ስለምትጎብጥ ወደ ሰማይ ይወጣል። እዚያ፣ ከምድር ወገብ በላይ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ካለበት የማይነቃነቅ የሚመስል ብረት አለ። እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ የሽቦ መረብ አለው። የተረፈውን ይቀልባል። ሳየው ተነስቼ ሰላምታ ልሰጠው ምንም አልቀረኝ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት እያዛጋሁ የሠራሁትን እሱ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ሳያዛጋ ይሠራዋል።

ከዚያ ወዲያ የሰው ሰላም ነሳሁ። ሰው ቤት ስጋበዝ ብርቱካን አምጡ እላለሁ። ሁለት የጥርስ እንጨት እሰካበታለሁ፤ ማማዎቹ ናቸው። በላያቸው የለስላሳ መጠጫ ቀሰም አጋድማለሁ፤ ሞገዱ ነው። "ምድር ትጎብጣለች፤ ድምፅ ግን አይጎብጥም" ብዬ ቀሰሙን ወደ አምፖሉ እጠቁማለሁ። አልማዝ የምትባል ሴት ነበረች፤ የሐበሻ ወሬ ሁሉ በሷ በኩል የሚያልፍ። አንድ ቀን እስክጨርስ ጠብቃ፣ "አበራ፣ አሁን ብርቱካኑን ልላጠው ወይስ እሱም ይሰማል?" አለችኝ።

በዚህ ሳተላይት ምክንያት እናቴ ጋ ስልክ አልደውልም ነበር። እሷ ደሴ ናት። ጎረቤቷ ሐጂ ሁሴን ሱቅ ውስጥ ስልክ አለ፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን የቀድሞ ጠላፊ ወታደር ድምፅ ተቀልቦ እሷ ላይ ጣጣ ቢያመጣስ? ስለዚህ መንገደኛ ሲገኝ ደብዳቤ እልካለሁ፤ ያለ ስም፣ ያለ አድራሻ፣ "ልጅሽ" ብቻ ብዬ። ኋላ እንደ ሰማሁት ሰፈር ውስጥ "ስሙን የረሳ ልጅ አለኝ፤ ጽሕፈቱ ግን ደህና ነው" ትል ነበር። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት አለፈ።

አብሮኝ የሚኖረው ተስፋዬ የአሰላ ልጅ ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት አንሰዋለሁ ብዬ ልዋሽ ነበር፤ እበልጠዋለሁ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። እሱ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ማታ አባቱ ጋ ይደውላል። አባቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቡሬ የምትባል ላም አለቻቸው። አባትና ልጅ ከሰላምታ በኋላ የሚያወሩት ስለ ቡሬ ነው፤ እየጮሁ።

"ቀስ በል፣ እየተሰማህ ነው" እለዋለሁ።

"ጋሼ፣ ያ ብረት የቡሬን ጤና ለማወቅ ያን ያህል ከወጣ፣ ይወቅ" ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ግንቦት ነው፤ ዓርብ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ። ዓርብ ስልካችን የሚያብድበት ቀን ነው፤ ማን አረፈደ፣ ማን ታረቀ፣ እሑድ ማን ቤት ይበላል። ያን ቀን ግን ዝም አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል አንድ ጊዜ ጮኸ። አነሳሁ። የሰው ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከዚያ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጮኸ። አልማዝ ናት።

"አበራ፣ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ሌላ ማን ስልክ ያነሳል?"

"ተስፋዬ ገብቷል?"

"ገና ነው።"

"እሺ።" ዝም አለች። አልማዝ ስልክ ይዛ ዝም ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አንተስ ደህና ነህ?" አለችኝ።

አልማዝ ደህንነቴን ጠይቃኝ አታውቅም። ስልኩን ዘግቼ ሳልቀመጥ ጋሽ ወልዴ ደወሉ። ጋሽ ወልዴ ጸጉራቸው የነጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በሰው ችግር ሁሉ ፊት የሚቀድሙ ሰው ናቸው።

"እሑድ ጠዋት ሥራ አለህ?"

"አለኝ፣ ጋሽ ወልዴ።"

"ከሰው ጋር ተቀያየር።"

"ምን ተገኘ?"

"ምንም። እንዲያው ቤት ብትሆኑ ጥሩ ነው። ሁለታችሁም።"

"ምን ተገኘ አልኩ እኮ?"

"እራትህን ብላ" አሉና ዘጉት።

ጆሮዬ ተነሳ። አሥራ አንድ ዓመት የሠለጠነ ጆሮ በቀላሉ አይተኛም። ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ። ሰዓቱን ጻፍኩ። አልማዝ ጋ ደወልኩ፤ ተይዟል። ጋሽ ወልዴ ጋ፤ ተይዟል። አሥር ደቂቃ ጠብቄ ደገምኩ፤ ሁለቱም ተከፈቱ፤ ሲያነሱ ዘጋሁባቸው። ቀጥዬ ኖርስቦሪ በሚባለው ሰፈር ያለው ሰውዬ ጋ ሞከርኩ። የዕድራችንን ትልልቅ ድስቶችና ታጣፊ ወንበሮች ምድር ቤት የሚያስቀምጥ እሱ ነው። ያለ እሱ ሠርግም ለቅሶም የለም። የሱም ተይዟል። ሠርግ እንደሌለ ደግሞ አውቃለሁ።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። አራት ቤት፣ አራት ክብ፤ በየመካከላቸው መስመር። ዓይኔ እያየ ሥዕሉ ወጣ። መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ቤት ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ ወደ ቤቱ ግን አይገቡም። መሐል ላይ ባዶውን የቀረው ክብ የኛ ቤት ነው። ከዚህ በኋላ ቃል አያስፈልግም። እሑድ ማለዳ፣ ሽማግሌ፣ ወንበር፣ ድስት፣ ለስላሳ ድምፅ። መርዶ ነው። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም በብዙ ነገር ይለያይ ይሆናል፤ መርዶ ሲያረዳ ግን አንድ ነው።

እኔ በዓለም ላይ ያለኝ ሰው ደግሞ አንድ ነው።

ተስፋዬ እያፏጨ ገባ። "ጋሼ፣ እንቁላል በቃሪያ ልሥራ?" አለኝ። ፊቱን አየሁት። ምንም የማያውቅ ሰው ፊት ነው። ምን ዓይነት ልጅ ነው፣ አልኩ በልቤ፤ እሱንም ነግረውታል፤ ለእኔ ብሎ እንዴት አድርጎ እንደሚደብቀው። እንቁላሉን ሲያቀርብልኝ፣ "ነገ ማታ አባባ ጋ እደውላለሁ፤ ቡሬ ሳትወልድ አትቀርም" አለኝ። እኔን ለማጫወት ላም እስከ ማስወለድ መድረሱ አንጀቴን በላው። እጁን ያዝኩት።

"ተስፍሽ፣ አንተ መልካም ሰው ነህ።"

"እንቁላል ነው እኮ" አለ፣ እጁን ቀስ ብሎ እየወሰደ።

ቅዳሜ ሥራዬን ተቀያየርኩ። ጥቁር ሸሚዝ ተኮስኩ። ቤቱን አጸዳሁ፤ መርዶ ሊያረዳኝ የሚመጣ ሰው አቧራ ላይ እንዳይቀመጥ። ተስፋዬ ለምን እንደማጸዳ ሲጠይቀኝ፣ "እንዲያው" አልኩት። ልጁ ሥራ ሲሄድ ስልኩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ተነስቼ የኢትዮጵያን ቁጥር ጀመርኩ፤ የደሴ ጋ ስደርስ ዘጋሁት። ሦስቴ እንዲሁ አደረግሁ።

እውነቱን እዚያ ወለል ላይ ነው ያገኘሁት። ሳተላይት አልነበረም። ጦሩ ተበትኖ ከአገር የወጣሁ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ፣ "ቆየት ብዬ እመጣለሁ" ብያት ነው ከቤት የወጣሁት። እውነቱን ብነግራት አትለቀኝም። "ለምሳ ድረስ፤ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። "እሺ" አልኳት። ያቺ "እሺ" ናት አራት ዓመት ስልክ ያላስደወለችኝ። ብደውል መቼ ነው የምትመጣው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም። ስለዚህ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቼ ሰበብ አመጣሁ። ሰው ለፈሪነቱ ግድግዳ ይሠራል፤ እኔ ሳተላይት አመጠቅሁ። አሁን ደግሞ ሰበቡ እንዳለ ነው፤ የምትሰማው ግን የለችም። አለቀስኩ። ጥቁሩን ሸሚዝ እንደገና መተኮስ ነበረብኝ።

ተስፋዬ ሲመጣ አባቱ ጋ ደወለ። አሰላ ያለው ስልክ አይነሳም። "መስመር የለም መሰለኝ" አለና ተኛ። እኔ ይህንንም እንደ ትወና ቆጠርኩለት። ይኸው ሰላይነቴ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። በግንቦት በዚያ ሰዓት የሃግሴትራ ፀሐይ ሥራ ከጀመረች ቆይታለች። መስኮት ላይ ቆሜ ከባቡር ጣቢያው ሲመጡ አየኋቸው። ስድስት ሰዎች፣ ማንም ከማንም ሳያወራ፤ ኋላ ላይ የኖርስቦሪው ሰውዬ ሁለት ወንበር አንግቶ። ደወሉን ሳይነኩ ከፈትኩላቸው። ጥቁር ለብሻለሁ፤ ፂሜን ተላጭቻለሁ። ገብተው ዙሪያውን ሲይዙ ሶፋው መሐል ተቀመጥኩና አንገቴን ደፋሁ። ዝግጁ ነኝ።

ቀና ስል ጋሽ ወልዴ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል።

"አንተ፣ ማን ነገረህ?"

"ማንም፣ ጋሽ ወልዴ። ከመስመሩ ነው የሰማሁት።"

"ከምን መስመር?"

"ይንገሩኝ ብቻ። እችለዋለሁ።"

አልማዝን አዩዋት፤ እሷ ወለሉን አየች። ጋሽ ወልዴ አጠገቤ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ "ልብህ ጥሩ ነው። አሁን ከዚያ ተነስና ለሱ ቦታ ልቀቅለት" አሉኝ።

የዚያን ጊዜ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ተስፋዬ በእንቅልፍ ልብሱ፣ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ሁሉም ሰው የሚያየው እሱን ነው። ወንበሩም፣ ሽማግሌውም፣ ድስቱም ለእሱ ነው። እኔ ቤቱን በትክክል አግኝቼ ሰውዬውን ስቻለሁ።

"ተስፋዬ፣ ልጄ፣ ና ተቀመጥ" አሉት ጋሽ ወልዴ።

ልጁ ሰዎቹን አየ፤ ጥቁሩን ሸሚዜን አየ። "አባባ ነው?" አለ። ጋሽ ወልዴ እጁን ያዙት። መልሱ ያ ነው።

አሁን የማላወራውን ላውራ። ተስፋዬ መሬት ላይ ሲወድቅ፣ ሴቶቹ ሲያነሱት፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እናቴ አለች። በሰው አባት ሞት ላይ ቆሜ ልቤ ዘለለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ለዚች አንዲት ቅጽበት ዛሬም ንስሐ አልጨረስኩም። ወዲያው ደግሞ እፍረቱ መጣና ከተስፋዬ በላይ አለቀስኩ። ስለ ደስታዬ፣ ስለ ቡሬ፣ ትወና መስሎኝ ስለ በላሁት እንቁላል። ሰዎቹ "እንዴት ያለ ወዳጅ ነው" አሉ። አንዷ ውሃ አመጣችልኝ።

ኋላ ጋሽ ወልዴን ወጥ ቤት አግኝቼ ለምን እንደደበቁኝ ጠየቅኋቸው። የተስፋዬ ወንድም ዓርብ ለአልማዝ ደውሎ ነግሯት ኖሯል።

"አምና ያችን ወንድሟ የሞተባትን ሴት፣ እኛ ለእሑድ አዘጋጅተን፣ ሐሙስ ዕለት ባቡር ውስጥ አግኝተህ ምን አልካት?"

"አይዞሽ።"

"ሌላ ጥያቄ አለህ?"

አልነበረኝም። በማዳመጥ ደሞዝ የበላ ሰው አፉን መዝጋት አልተማረም።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ለቀስተኛ ሄዶ ሌላው ሳይመጣ፣ ቤቱ ትንሽ ጭር አለ። ተስፋዬ ዓይኑ አብጦ ጥግ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ጥቁሩን ሸሚዝ ለማን ነው የለበስከው?"

ነገርኩት። ሠንጠረዡን፣ ሳተላይቱን፣ ምሳውን። ሁሉንም። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ስልኩ አየ።

"አለች አይደል?"

"አለች።"

"እኔ ትናንት ስደውል የማያነሳ ሰው ጋ ነው የደወልኩት። ያንተን ያነሱልሃል። ደውል።"

"ዛሬ በአንተ ሐዘን..."

"ዛሬ። እኔ እያየሁህ።"

ቁጥሩን መታሁ። ደሴ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ፤ ተስፋዬ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ጨረስኩት። ሐጂ ሁሴን አነሱ። ስሜን ነገርኳቸው፤ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ፣ ጮክ ብዬ።

"የዘነበች ልጅ? ስሙን የረሳው?"

"አስታወስኩት፣ ሐጂ።"

"አብሽር፣ አትዝጋ፣ ላስጠራት" አሉ። ጫማ ሲሮጥ፣ ፍየል ሲጮህ፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ስኳር ሲጠይቅ ሰማሁ። አሥራ አንድ ዓመት ካዳመጥኩት ሁሉ እንደዚያ የጓጓሁለት ድምፅ የለም። ከዚያ ትንፋሿ መጣ።

"አበራ?"

"እማዬ።"

"ምሳህን ለሐጂ ልጆች ሰጠሁት" አለችኝ።

መቼ ትመጣለህ አላለችኝም። አራት ዓመት የፈራሁትን ጥያቄ አልጠየቀችኝም። በላህ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ማን አለህ አለችኝ። ተስፋዬ አጠገቤ ሲንሰቀሰቅ ሰምታ፣ "ማነው የሚያለቅሰው?" አለች። "አባቱ ሞቶበት ነው" ስላት፣ "አገናኘኝ" አለች። ደሴ ያለች ሴት፣ አይታው የማታውቀውን የአሰላ ልጅ፣ በሐጂ ሁሴን ስልክ አለቀሰችለት። አባቱ ምን ይወዱ እንደነበር ጠየቀችው። ስለ ቡሬ ነገራት። እየሳቀም እያለቀሰም ነበር።

ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ልማዴ አልለቅ ብሎኝ፣ "እማዬ፣ ይኸን የሚሰማ አለ" አልኳት።

"ማነው?"

"ሰማይ ላይ የተሰቀለ ሳተላይት።"

አሰበችበት። "ሲሰማ የሚውል ሰው እዚያ አለ?"

"ከምድር ሆኖ ይኖራል።"

"እናት አለችው?"

"ትኖረው ይሆናል።"

"እንግዲያው ሰላም በልልኝ። እናቱ ጋ ይደውል" አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ደወልኩላት። በመሐልም ሁለቴ ሄጄ ምሳዬን በልቻለሁ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ፣ "ለዚያም ሰውዬ ሰላም በልልኝ" ትል ነበር። ተስፋዬም ካለ ተራ ይዞ ያወራታል። ብርቱካን ላይ እንጨት መሰካት ተውኩ፤ አልማዝ ብርቱካኗን በሰላም በላች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ ብዙ የለኝም። አንቴና ክፉ ልማድ አለው፤ የሚያልፈው ሞገድ ሁሉ ለእሱ የተላከ ይመስለዋል። እኔ ባዶውን ክብ ሳይ ራሴን መሐሉ ላይ አስቀመጥኩ፤ እዚያው ቤት፣ አንድ በር አልፎ ተኝቶ የነበረውን ልጅ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ዝም ሲል በመጀመሪያ የማየው አጠገቤ ያለውን ነው። እናንተም ሰበባችሁ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢሰቀል፣ አውርዱትና ቁጥሩን ምቱ።

የእኔም መርዶ በወረፋው መጣ። ዓርብ ዕለት ስልኬ ዝም አለ። ወረቀት አላወጣሁም፤ አያስፈልገኝም ነበር። እሑድ ማለዳ ደወሉ ሲጮህ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው በእንቅልፍ ልብሴ ሄጄ ከፈትኩ። ፊት ቆሞ የነበረው ተስፋዬ ነው፤ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ። እሱም ምንም እንደማላውቅ ቆጥሮ፣ "ጋሼ፣ ና ተቀመጥ" አለኝ።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፅዋን አልቀዳሁትም። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ድምፅ በቴፕ ክር ስቀዳ የኖርኩ ሰው፣ የእናቴን አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ስለዚህ ከናንተ መካከል እዚያ ሥራ ላይ ዘመድ ያለው ካለ፣ ይህን መልእክት ያድርስልኝ፦ አልከሳችሁም፤ የሙያ ወንድሞች ነን። ያ የሽቦ ጃንጥላ በዘጠናዎቹ ከሃግሴትራ ወደ ደሴ የሚሄድ ወሬ ቀልቦ ከሆነ፣ ከመጋዘናችሁ የትኛውም ጥግ ተቀምጦ ከሆነ፣ አንዲት እሑድ ብቻ ስጡኝ። የትኛዋም ትሁን። ለማወቅ አትቸገሩም፤ መጨረሻው ላይ ሰላም ያለቻችሁ እሷ ናት።